ዕድል የምንለው የማን እጅ ነው?

ናባዓ ከቤይሩት በስተ ምሥራቅ፣ በቡርጅ ሐሙድ ማዘጋጃ ቤት ክልል ውስጥ ያለ የተጨናነቀ ሰፈር ነው። ቡርጅ ሐሙድን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቱርክ የተሰደዱ አርመኖች ረግረግ መሬት ላይ ቆረቆሩት። ናባዓን ደግሞ ድህነት ከደቡብ ሊባኖስ ያፈናቀላቸው ሺዓዎች ሞሉት፤ በ1976 (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በእርስ በርስ ጦርነቱ ሰፈሩ በሚሊሻዎች እጅ ሲወድቅ ብዙዎቹ ተባረሩ። ዛሬ በዚያው ሰፈር እንጀራና በርበሬ ይሸጣል፤ ከማዳም (ከአሠሪ እመቤት) ቤት ወጥተው «ፍሪ»፣ ያለ ቋሚ አሠሪ፣ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶችም ክፍል በጋራ ተከራይተው ይኖሩበታል። እንግዲህ በስደት ላይ ስደት በተነባበረበት በዚህ ሰፈር ስለ ኑሮ ሲወራ ዕድል ሳይነሣ አይቀርም። ደመወዟን በወሩ የምትቀበለው ሴት ዕድለኛ ናት። ፓስፖርቷን ተቀምታ፣ በር ተቆልፎባት ዓመታት የቆየችውም «የአርባ ቀን ዕድሏ ነው» ይባልላታል። በአንድ አነጋገር ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ተጠቅልለው ያልፋሉ። ለመሆኑ በሰው ላይ ከሚደርሰው ምን ያህሉ ከላይ የተወሰነ ነው? ምን ያህሉስ የሰው ሥራ ነው? ጥያቄው የሃይማኖት ሁሉ የቆየ ጥያቄ ነው። እኔ እዚህ የምከራከረው ግን ለአንድ ጠባብ ነጥብ ነው፤ የሰው እጅ ያደረገውን ዕድል ብሎ መጥራት ከትሕትና የመጣ ይምሰል እንጂ ፈጣሪንም ተበዳይንም የሚበድል ስሕተት ነው።

ነገሩን በቼዝ በኩል ለማየት የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው በመካከለኛው ምሥራቅ ስለ ዕጣና ስለ ነጻ ፈቃድ የተደረገው ክርክር ጥቂቱ በጨዋታ ሰሌዳ ላይ የተደረገ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የባግዳዱ ታሪክ ጸሐፊ አል-መስዑዲ፣ የዘመኑ የሙስሊም አሳቢዎች ሁለት ጨዋታዎችን እንዴት ያነጻጽሩ እንደነበር ጽፏል። አንደኛው በዳይስ የሚጫወቱት ነርድ ነው፤ ዛሬ በቤይሩት ቡና ቤቶችና በየመንገዱ ዳር ጣውላ ተብሎ የሚጫወቱት የእርሱ ወራሽ ነው። ሁለተኛው ቼዝ ነው። ነርድን የፈጠረው ሰው በዕጣ የሚያምን ነበር ይላሉ አሳቢዎቹ፤ ዳይሱ ያወጣውን ቁጥር ማንም ሊለውጠው ስለማይችል። ቼዝን የፈጠረው ግን ነጻ ፈቃድን እንደሚያስተምሩት እንደ ሙዕተዚላዎቹ ሰው ለሥራው ባለቤት ነው ብሎ የሚያምን ነበር፤ በቼዝ ሰሌዳ ላይ ተጫዋቹ ያላደረገው ነገር የለምና። ተረቱ እውነተኛ ታሪክ ነው ብሎ መቀበል አያስፈልግም። ቁም ነገሩ የሁለቱ ጨዋታዎች ልዩነት የሥነ መለኮት ልዩነት ሆኖ መታየቱ ነው።

የሃይማኖት መሪዎችም ይህን ልዩነት ሲያጤኑት ኖረዋል። በእስልምና ሕግ ሊቃውንት ዘንድ ነርድ ከጥንት የተነቀፈ ሲሆን፣ በቼዝ ላይ ግን አልተስማሙም። በሺዓው ዓለም ዛሬም ድረስ ሁለት አቋም አለ፤ አያቶላህ ኾሜይኒ በ1988 ውርርድ እስከሌለበት ድረስ ሲፈቅዱት፣ በኢራቅ የነጀፉ አያቶላህ ሲስታኒ ይከለክሉታል። በክርስትናው ወገን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ካርዲናል ጴጥሮስ ዳሚያኒ ቼዝ ሲጫወት የተገኘውን የፍሎረንስ ጳጳስ በደብዳቤ ከስሶታል። የጳጳሱ መከላከያ ቼዝ ሌላ፣ ዳይስ ሌላ የሚል ነበር፤ ካርዲናሉ ግን አልተቀበለውም። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ቄሱ ሩይ ሎፔዝ በ1561 የቼዝ መጽሐፍ ሲያሳትም ነገሩ ተለዝቦ ነበር፤ ዛሬ በዓለም እጅግ ከታወቁት የቼዝ አጀማመሮች አንዱ በስሙ ይጠራል። በእኛም አገር ሰንጠረዥ የሚባለው የራሳችን ቼዝ የነገሥታትና የመሳፍንት ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። አንድ የቬኒስ ሠዓሊ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር መጫወቱን ተናግሯል፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር አንድ ነው። የጨዋታው ጠላትም ወዳጅም የሚከራከረው ዕድል ገብቶበታል አልገባበትም በሚለው ላይ ነበር።

የጥንቱ ክርክር ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ቼዝ ውስጥ ዳይስ የለም ማለት ያልታሰበ ነገር የለም ማለት አይደለም። ይህን ለማየት ከውድድር ጨዋታዎች ሁሉ አንዱን በቅርብ መመልከት ይበቃል። በጥቅምት 1918 በኒው ዮርክ ውድድር የአሜሪካው ሻምፒዮን ፍራንክ ማርሻል ከኩባዊው ከሆሴ ራውል ካፓብላንካ ጋር ተገጣጠመ። አጀማመሩ የቄሱ የሩይ ሎፔዝ ነበር። ጥቁሩን የያዘው ማርሻል በስምንተኛው ርምጃ ከንግሥቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ፤ አንድ ወታደር ለመበላት ሰጥቶ በምትኩ ኃይለኛ ጥቃት ሊገዛ ነው። እንዲህ ያለው አጀማመር ጋምቢት ይባላል፤ ስለታም ነው፤ አንድ የተሳሳተ መልስ ጨዋታውን ይጨርሳል። ማርሻል ይህን ጥቃት ለዓመታት ደብቆ ካፓብላንካን ሲጠብቅበት ነበር የሚል ወሬ አለ፤ የቼዝ ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠሩታል። የማያጠራጥረው ማርሻል ተዘጋጅቶ መምጣቱ፣ ካፓብላንካ ደግሞ ያልጠበቀው ነገር ፊቱ መደቀኑ ነው። ካፓብላንካ ኋላ በመጽሐፉ እንደገለጸው ትንሽ አሰበ፤ የሚከተለው ጥቃት አስፈሪ እንደሚሆን፣ መንገዱንም ሁሉ ተፎካካሪው እንደሚያውቀው ተረዳ፤ ሆኖም ተፈትኛለሁና አልሸሽም ብሎ በአሥረኛው ርምጃ በፈረሱ ወታደሩን በላ።

ከዚያ በኋላ ያለው የጨዋታው ልብ ነው። በ13ኛው ርምጃ ማርሻል ፈረሱን ነጩ ወታደር ሊበላው ከሚችልበት ቤት ላይ አቆመው። ፈረሱ ነጻ ስጦታ ይመስላል፤ የበላው ግን የጥቁር ንግሥት ወደ ንጉሡ በር ስትገባ ያያታል። ካፓብላንካ አልበላም፤ ንግሥቱን አወጣ። በ15ኛው ርምጃ ፈረሱ እዚያው ንጉሡ አጠገብ ያለውን ወታደር በልቶ ሲቆም አሁንም ሳይበላው ግንቡን አስጠጋ። ከ18ኛው እስከ 24ኛው ርምጃ የነጩ ንጉሥ ከተከበበበት ጥግ ወጥቶ፣ በገዛ ሠራዊቱ መካከል ቤት በቤት እየተራመደ ወደ ሌላው ክንፍ ተሻገረ። ጥቃቱ ነደደ፣ ነደደና በረደ። በ36ኛው ርምጃ ካፓብላንካ አሸነፈ። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። በዚያ ቀን የተሸነፈው ጋምቢት አልሞተም፤ ማርሻል ራሱና ከእርሱ በኋላ የመጡት አሻሽለውት ዛሬ በታላላቅ ውድድሮች የሚከበር ጥቃት ነው። አርመናዊው ሌቮን አሮኒያን፣ የቡርጅ ሐሙድ አርመኖች ወገን፣ በዘመናችን በዚህ ጥቃት ከታወቁት አንዱ ነው። ስለዚህ ማርሻል የተሸነፈው ስምንተኛው ርምጃ ሽንፈት ተጽፎበት ስለነበረ አይደለም፤ ከእርሱ ወዲያ የተደረጉት የሁለት ሰዎች ርምጃዎች ናቸው ያሸነፉት።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። አንደኛው ሰው ሊያውቀው የማይችለው ነው፤ ካፓብላንካ ወታደሩን ሲበላ መጨረሻውን አላየም። ሁለተኛው የራሱ ምርጫ ነው፤ ላለመብላት ይችል ነበር። ሦስተኛው የሌላው ሰው ርምጃ ነው፤ ፈረሱን እዚያ ቤት ላይ ያቆመው ዳይስ ሳይሆን ማርሻል ነው። በዕለት ንግግራችን ሦስቱንም ዕድል እንላቸዋለን። የመጀመሪያውን እንዲህ ብንለው ብዙ ጉዳት የለውም፤ አለማወቃችንን መናዘዝ ነው። ሁለተኛውን ዕድል ማለት ከኃላፊነት መሸሽ ነው። ሦስተኛውን ዕድል ማለት ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ባለቤት ያለውን ሥራ ባለቤት አልባ ያደርገዋልና። የተሸነፈ የቼዝ ተጫዋች ዕድሌ ነው ቢል የሚያምነው የለም፤ የትኛው ርምጃ ላይ እንደሆነ ፈልግ ይሉታል። ስለ ሰው ኑሮ ስንናገር ይህን ጥያቄ የምንተወው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል፤ ከሒሳብም ከሃይማኖትም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ኤርንስት ዜርሜሎ በ1913 እንዳሳየው፣ ቼዝ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆኖ የሚጫወቱት ጨዋታ በመሆኑ ከሦስቱ አንዱ እውነት ነው፤ ወይ ነጩ በግድ ማሸነፍ ይችላል፣ ወይ ጥቁሩ በግድ ማሸነፍ ይችላል፣ ወይም ሁለቱም ቢያንስ እኩል መውጣት ይችላሉ። ታዲያ ፍጹም አዋቂ ቢኖር ውጤቱን ገና ሳይጀመር ያውቀዋል፤ ነጻነት የምንለው አለማወቅ ብቻ አይሆንም ወይ? አማኙም በበኩሉ እንዲህ ይላል። እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚያውቀው ደግሞ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ በናባዓ የሚሆነው ሁሉ ከፈቃዱ ውጭ አይደለም። ሁለቱ ክርክሮች አንድ ዓይነት ጉድለት አለባቸው። ዜርሜሎ ያረጋገጠው ስለ ጨዋታው ወሰን ነው፤ ማርሻል በስምንተኛው ርምጃ ምን እንደሚያደርግ አንድም ቃል አልተናገረም። በሰሌዳው ላይ የሚቻለው ሁሉ የታወቀ ቢሆን እንኳ ከሚቻለው አንዱን የሚያነሣው እጅ ያው የተጫዋቹ እጅ ነው። ማወቅ ማስገደድ አይደለም።

ሃይማኖቶቹም ይህን ያውቁታል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በቅዱስነቱ የሚነበበው መጽሐፈ ሲራክ በ15ኛው ምዕራፍ፣ ፈጣሪ ሰውን በምርጫው እጅ እንደተወው፣ እሳትና ውኃ በፊቱ እንዳኖረለት፣ እጁንም ወደ ወደደው እንደሚዘረጋ ያስተምራል፤ ማንም ኃጢአቱን በእግዚአብሔር እንዳያመካኝም ያስጠነቅቃል። ከቤይሩት ተራራ ማዶ የተወለደው ዮሐንስ ዘደማስቆ በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ቢያውቅም ሁሉን አስቀድሞ እንደማይወስን ለይቶ ጽፏል፤ ዮሐንስ ከኬልቄዶን ወገን ቢሆንም በዚህ ነጥብ ከእኛ ትምህርት የሚለየው ነገር አይታይም። ሺዓዎቹ ከኢማም ጃዕፈር አስ-ሷዲቅ ወረስነው የሚሉት ትምህርትም ፍጹም መገደድን፣ ለሰው ሁሉን አሳልፎ መስጠትንም ትቶ በሁለቱ መካከል የሚቆም ነው። እንግዲህ በናባዓ ከሚኖሩት እምነቶች አንዱም ቢሆን አሠሪ የቆለፈውን በር ፈጣሪ ቆለፈው ለማለት ፈቃድ አይሰጥም። የአርባ ቀን ዕድል የሚለው አነጋገር ከመሠዊያውም ከሚንበሩም የመጣ አይደለም፤ ከመታከት የመጣ ነው።

ልዩነቱን የቤይሩት ፍንዳታ በግልጽ ያሳያል። ነሐሴ 4 ቀን 2020 በወደቡ የፈነዳው 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ለወደቡ ቅርብ የሆኑትን የቡርጅ ሐሙድን አካባቢ ቤቶችም መታ። በዚያች ደቂቃ አንዷ መስኮት አጠገብ ቆማ ነበር፤ ሌላዋ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ነበር። ይህን ዕድል ብንለው ማንም አይከራከረንም፤ ማንም ያላሰበውና ማንም ያላደረገው ነውና። ኬሚካሉ ግን በዕድል አልመጣም። በ2013 በመርከብ ደርሶ፣ ከወደቡ መጋዘን ገብቶ፣ ኃላፊዎች በደብዳቤ ሲያውቁት ለዓመታት የተቀመጠ ነው። የሟቾቹ ቤተሰቦች በየወሩ ሰልፍ ሲወጡና ፍርድ ሲጠይቁ የፈጣሪን ፈቃድ አልካዱም፤ ደብዳቤው የደረሰው ማን እንደሆነ ጠየቁ እንጂ። በአንድ ክስተት ውስጥ ያለውን የዕድል ድርሻና የሰው ድርሻ መለየት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። የሰው ሥቃይ በሰሌዳ ጨዋታ አይመሰልም፤ ካፓብላንካና ማርሻል እኩል ጦር ይዘው፣ ተራ በተራ፣ በአንድ ሕግ ተጫወቱ፤ ከወሎ ወይም ከጅማ ገጠር የወጣች የሃያ ዓመት ልጅ ግን ምን ተራ አላት? እርሷን ተጫዋች ማለት በደሉን መልሶ በእርሷ ላይ መጫን አይሆንም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለው፤ እውነቱ ግን የእኔን ነጥብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ለዚህ መልሱን የገዛ ሰንጠረዣችን ይዞታል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ወረራ የሚባል ጊዜ አለ። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም፤ ቀይ ጨርቁ ላይ መደቃቸውን፣ ፈረሳቸውን፣ ደራቸውን እያንዳንዱ እንደ እጁ ፍጥነት ያሰልፋል፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለውጣል፤ ተመልካቹም ዙሪያውን ከብቦ ይጮኻል። ተራ የሚጀምረው አንዱ ከሌላው ሲበላ ነው። ከዓለም የቼዝ አጀማመሮች ሁሉ ስለታሙ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም ሕግ የሌለበት በሚመስለው በዚህ ሰዓት እንኳ ዕድል የለም፤ ያለው ቀድሞ የደረሰ እጅ ነው።

ወደ ሊባኖስ የምትሄደው ልጅ ሁኔታ ወረራው በአንድ ወገን ብቻ የተካሄደበት ሰሌዳ ነው። እርሷ ከመቀመጧ በፊት ደላላው፣ ላኪው፣ መክተብ የሚባለው የቤይሩቱ አስቀጣሪ ድርጅት፣ ከፊል የሚባለው ዋስ አሠሪ ሁሉም አሰላለፋቸውን ጨርሰዋል። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው አውጥቷቸዋል። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ስለሆነ ቤቱን ለቅቃ ስትወጣ ሕገ ወጥ ትሆናለች፤ ስለዚህም ነው ናባዓ ውስጥ ፍሪ የሚሠሩት ሴቶች ብዙዎቹ ለኢቃማቸው (ለመኖሪያ ፈቃዳቸው) በወረቀት ብቻ ከፊል ለሚሆን ሰው የሚከፍሉት። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስትሯ ላሚያ የሚን ሠራተኛዋ በማስጠንቀቂያ ሥራ እንድትለቅና ፓስፖርቷን በእጇ እንድትይዝ የሚያስችል አዲስ የሥራ ውል ፈረሙ፤ የአስቀጣሪ ድርጅቶቹ ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በሚቀጥለው ወር አገደው። ይህ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አንቀጽ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ፣ አቤቱታ አቅራቢ አለው፤ እያንዳንዱ የሰው ርምጃ ነው።

ስለ ሰንጠረዥ ከጻፉት መንገደኞች የምናገኘው ሌላም ደንብ አለ። ጦሩን ሁሉ ተበልቶ ባዶውን የቀረውን ንጉሥ ማት ማድረግ ድል አይባልም፤ ጨዋታው እኩል ሆኖ ያበቃል። በጠንካራ መሣሪያ ከማሸነፍም በደካማው ማሸነፍ ይከበራል። ደንቡ ያዘለው ሐሳብ ቀላል አይደለም፤ የሚመልስበት የሌለውን መምታት ብልሃት አይደለም፣ ጨዋታውም ከዚያ በፊት አብቅቷል ማለት ነው። ፓስፖርት፣ ስልክ፣ ቁልፍና ደመወዝ የተወሰደባትን ሴት ምርጫሽ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ዕድልሽ ነው ማለትም አይቻልም። ባዶ ያስቀሯት ሰዎች ናቸውና። በሰኔ 2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ሐዝሚየ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለው ሄዱ። በ2024 መኸር በሊባኖስ ጦርነት ሲከፋ ደግሞ አንዳንዶቹ ሠራተኞቻቸውን ቤት ውስጥ ትተው ሸሹ። ጦርነቱን ማንም ሠራተኛ አላመጣውም፤ ያ በእርሷ ዘንድ ከዕድል ይቆጠር። በሩን ከውጭ የቆለፈው እጅ ግን የጦርነቱ አልነበረም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከገበያ የሚሰማው ነው፤ አውቃ ገባችበት፣ አደጋውን እያወቀች ቁማሯን ተጫወተች ይላል። እንዲያውም ጋምቢትን ያነሣሁት ራሴ ነኝ፤ አንድ ወታደር ሰጥቶ ብዙ መፈለግ ይኸው አይደለም ወይ? ልዩነቱ ሁለት ነው። ማርሻል ወታደሩን ሲሰጥ ሰሌዳው በሙሉ ፊቱ ነበር፤ ደላላው ግን ለልጅቱ የሚያሳያት የሰሌዳውን ግማሽ ነው፣ ደመወዙን ይነግራታል፣ ቁልፉን አይነግራትም። ሁለተኛው ይበልጣል። አደጋን መቀበል በደልን መቀበል አይደለም። ካፓብላንካ ጥቃቱን ሲቀበል ማርሻል በደንቡ ሊያደርግበት የሚችለውን ሁሉ ተቀብሏል፤ ማርሻል እጁን ዘርግቶ ንጉሡን ከሰሌዳው ቢያነሣው ግን ገብተህበታል የሚለው ዳኛ አይኖርም። ከባድ ሥራን፣ ናፍቆትን፣ የባሕር ማዶን ብርድ ተቀብላ የሄደች ሴት ደመወዝ መከልከልን፣ መደብደብን፣ መታሰርን አልተቀበለችም። ለቤተሰቧ ስትል ያደረገችው መስዋዕትነት የሌሎችን በደል የሚያጸድቅ ፊርማ አይሆንም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የርኅራኄ ነው። ለተጎዳች ሴት ዕድል የሚለው ማጽናኛ ነው፤ መጽናኛዋን ለምን ትነጥቋታላችሁ? ጥፋቷ እንዳልሆነ የሚነግራት እርሱ ብቻ ነው፤ ቤተሰቧም ባዶ እጇን ብትመለስ የሚቀበላት በእርሱ ነው። ይህን አቃልዬ አላልፈውም። ማጽናኛው ግን የሚሠራው ግማሹን ሐቅ ብቻ ይዞ ነው። ጥፋትሽ አይደለም ማለት እውነት ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም ማለት ውሸት ነው። የመጀመሪያውን ያለ ሁለተኛው መናገር ይቻላል፤ እንዲያውም ስትበደል የበደላትን በስሙ የጠራላት ሰው ከበደሉ ይበልጥ ያነጻታል። ከዚያም ወዲያ ዕድል የሚለው መልስ የሚከተላትን ልጅ አያስጠነቅቃትም፤ የእኔ ይለያል ብላ በዚያው ደላላ እጅ ትሄዳለች፤ ዕድል ከሰው ሰው ይለያያላ። ደላላውም፣ መክተቡም፣ ከፊሉም ከዚህ አነጋገር የበለጠ ጠበቃ አያገኙም።

ናባዓ ይህን ክርክር ከዚህ በፊትም አይታለች። ከነጀፍ በ1966 መጥተው በዚህ ሰፈር የተቀመጡት የሺዓ ሊቅ ሰይድ ሙሐመድ ሑሴን ፈድለላህ፣ ሰፈሩ በ1976 ሲከበብና ሲደበደብ «እስልምናና የኃይል አመክንዮ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን የጻፉት እዚያው ነው። ደካማነት ፈጣሪ ለምእመኑ የመረጠለት ዕጣ እንዳልሆነ ይከራከሩበታል። ከዚያ ሐሳብ በኋላ በሊባኖስ ፖለቲካ የወጣውን ሁሉ መቀበል አያስፈልግም፤ ኃይልም የራሱን ፈተና ይዞ ይመጣል። ጥያቄው ግን ቀጥሏል። በጥር 2015 የቤት ሠራተኞች በቤይሩት ማኅበር ሲመሠርቱ መንግሥት ዕውቅና ነሣቸው። በ2017 ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች የመሠረቱት «እኛ ለእኛ በስደት» የተጣሉትን ሲመግብ፣ ሲያሳርፍ፣ ደመወዝ የተከለከሉትን ሲከራከርላቸው ቆይቷል። እነዚህ ሴቶች የሚጾሙና የሚጸልዩ ይሆናሉ፤ ከጸሎታቸው ጋር ግን ስም ይመዘግባሉ፣ ቀን ይጽፋሉ፣ ማን እንደከለከለ ይጠይቃሉ። እምነታቸው ለርምጃ መልስ ከመስጠት አላገዳቸውም።

ስለዚህ ዕድል ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባል። ይህን ያደረገ ሰው አለ? ሌላ ማድረግ ይችል ነበር? ዛሬስ መልስ ሊሰጠው ይቻላል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ነገሩ ዕድል አይደለም፤ በደል ነው፤ ለበደል ደግሞ የሚገባው ፍርድ እንጂ ትዕግሥት ብቻ አይደለም። ሦስቱም አይደለም ከሆኑ፣ በሽታ ወይም ድንገተኛ ሞት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ለፈጣሪ ፈቃድ መገዛት እውነተኛ ስፍራውን ያገኛል። የኢዮብ ወዳጆች የደረሰበትን መከራ ሁሉ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ብለው ሲያስረዱት እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ሳይሆን በወዳጆቹ ነው፤ ስለ እርሱ ቅን አልተናገሩምና። ከፊሉ የቆለፈውን በር የፈጣሪ ሥራ የሚያደርግ ሰው የዚያኑ ጥፋት ይደግማል፤ ለእግዚአብሔር የሚገባውን መገዛት ለአሠሪ ይሰጣል፣ የአሠሪውን በደል ደግሞ ለእግዚአብሔር። ሰባኪዎቻችንና ዑለማዎቻችን፣ ልጆቻቸውን የሚልኩ ወላጆችም ቢያንስ ይህን ሒሳብ ማረም ይችላሉ፤ ለዚህ የሊባኖስን ሕግ መለወጥ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።